በስፔን የመምህርነት ማስተር እና የክፍል ልምምድ፦ ከሰነድ ማሰባሰብ እስከ መጨረሻው ማህተም

ወደ ስፔን ለመምህርነት ሥልጠና የሚሄዱ ሰዎች ቅበላ ማግኘቱ ላይ ብዙም አይቸገሩም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ሰነዱን በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ያዘጋጅና ቪዛ ሳይጠይቅ ወረቀቱ ያረጅበታል። ሌላዋ ማስተሩን ጀምራ የልምምድ ጊዜ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገው ማስረጃ የላትም። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ይገባና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች የሚያወሩት ስፓኒሽ ከተማረው ጋር አልገናኝ ይለዋል።

ስለዚህ ዝግጅታችሁን ከኋላ ወደ ፊት አስቡት። መድረሻው ፕራክቲኩም የሚሉት የክፍል ልምምድ ነው። ከዚያ በፊት የምታደርጉት ሁሉ ያንን በር የሚከፍት መሆን አለበት። ከታች የምጠቅሳቸው ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ማስተሩ ምን እንደሚሰጣችሁና ምን እንደማይሰጣችሁ እወቁ

በስፔን መምህር ለመሆን ሁለት መንገድ አለ። ለአጸደ ሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ማለትም 240 ክሬዲት ያስፈልጋል። ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ይዛችሁ 60 ክሬዲት ያለው የአንድ ዓመት የመምህርነት ማስተር ትጨምራላችሁ። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲግሪያችሁ በስፔን መንግሥት ሳይጸድቅ ዩኒቨርሲቲው ለማስተር ሊቀበላችሁ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማስተሩን መጨረስ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን አያጸድቀውም። ስፔን ውስጥ በመምህርነት ለመቀጠር የምትፈልጉ ከሆነ ኦሞሎጋሲዮን የሚባለውን የዲግሪ ማጽደቂያ ለብቻው ማመልከት አለባችሁ። ጉዳዩ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከማስተሩ ራሱ ይረዝማል። ማመልከቻውን ጉዞ ስታቅዱ ጀምሩት።

ሌላም አለ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ቋሚ መምህር ለመሆን የስፔን ወይም የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነትና የውድድር ፈተና ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚያ ለመቅረት የሚያስብ ከሆነ ዓይኑ የግል ወይም በመንግሥት የሚደጎሙ ትምህርት ቤቶች ላይ መሆን አለበት። ሠልጥናችሁ አገር ቤት ወይም ሌላ ቦታ ለማስተማር ከሆነ ሐሳባችሁ ይህ ብዙ አያሳስባችሁም።

ደረጃ 2፦ ከዩኒቨርሲቲው በፊት ክልሉን ምረጡ

ስፔን ውስጥ ትምህርት በክልል ነው የሚተዳደረው። በካታሎኒያ የትምህርት ቤቱ ዋና ቋንቋ ካታላን ነው። በቫሌንሲያ፣ በባሌያሪክ ደሴቶች፣ በጋሊሲያና በባስክ አገርም ከስፓኒሽ ጋር እኩል ሕጋዊ የሆነ ሌላ ቋንቋ አለ። ባርሴሎናን ከፎቶ አይቶ መምረጥ ቀላል ነው። ነገር ግን የክፍል ልምምዳችሁን ባልተማራችሁት ቋንቋ መሥራት ሊመጣ ነው። ስፓኒሽ ብቻ የምታውቁ ከሆነ አንዳሉሲያን፣ ማድሪድን፣ ካስቲያ ኢ ሌዮንን፣ ሙርሲያን ወይም ኤክስትሬማዱራን አስቀድሙ።

ክፍያውም በክልል ይለያያል። በአንዳሉሲያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ማስተር ክፍያ ከ800 ዩሮ ትንሽ ፈቀቅ የሚል ነው። አንዳንድ ክልሎች ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪን አብዝተው ያስከፍላሉ። ከማመልከታችሁ በፊት «ለውጭ ዜጋ የአንድ ክሬዲት ዋጋ ስንት ነው?» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

በኦንላይን የሚሰጡ የግል ማስተሮች ማስታወቂያም ይበዛባችኋል። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን በሆነ ትምህርት የተማሪ ቪዛ አይገኝም። እነሱን እርሷቸው።

አንድ ጥሩ ዜና ልጨምር። በማድሪድና በአንዳሉሲያ ብዙ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሳይንስ፣ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ በእንግሊዝኛ ይሰጥባቸዋል። እኛ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ስለተማርን እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ዋጋ አለን። የልምምድ ቦታ ምርጫ ሲሰጣችሁ እነዚህን ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ የትምህርት ዘርፋችሁን አጣጥሙ

ማስተሩ በትምህርት ዓይነት ይከፈላል፦ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ጂኦሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ እያለ ይቀጥላል። ዲግሪያችሁ ከምትመርጡት ዘርፍ ጋር ካልገጠመ የመግቢያ ፈተና ትቀመጣላችሁ ወይም ወደ ሰልፉ መጨረሻ ትገፋላችሁ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ዲግሪ ለየትኛው ዘርፍ ቅድሚያ እንዳለው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል። ሠንጠረዡን ሳታዩ አታመልክቱ።

ደረጃ 4፦ የቋንቋ ማስረጃ

ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች ናቸው፤ አታደባልቋቸው።

የመጀመሪያው ስፓኒሽ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከቢ2 (በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ) በታች አይቀበልም፤ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ያለውን ሲ1 ይላል። ዴሌ የተባለው የኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ ሰርተፊኬት ጊዜው አያልፍም። ሲዬሌ በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል። የመረጣችሁት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚቀበል ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ክፈሉ።

ሁለተኛው የውጭ ቋንቋ ነው። የማስተሩ ደንብ ራሱ በአንድ የውጭ ቋንቋ የቢ1 ደረጃ ይጠይቃል። ለእኛ ይህ እንግሊዝኛ ነው። «በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» ማለት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። አይኤልትስ ወይም ተመሳሳይ ውጤት ካላችሁ አያይዙ። ከሌላችሁ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡና ይቀበሉት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ፋይል ያስመለሰ ጉዳይ ነው። የስፔን ቅጽ አንድ የራስ ስምና ሁለት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የአባታችሁን ስም በመጀመሪያው፣ የአያታችሁን በሁለተኛው ሙሉ። በፓስፖርታችሁ ላይ ያለው አከፋፈል የተለየ ከሆነ ፓስፖርቱን ተከተሉ። አንድ ቅጽ ላይ የጻፋችሁትን ሌላውም ላይ ሳትለውጡ ድገሙት።

ቀጥሎ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ካለ ምንም ማህተም ከመመታቱ በፊት ከዩኒቨርሲቲው የማስተካከያ ደብዳቤ አውጡ። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲቀየር በአንድ ቀን ወይም በዓመት ሊዛነፍ ይችላል። ማህተም ከተደረገ በኋላ ማስተካከል ማለት ሁሉን ከመጀመሪያው መድገም ነው።

ደረጃ 6፦ ሰነድ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ሰነዶችን ሁለት ክምር አድርጉ። የማያረጁና የሚያረጁ።

የማያረጁት ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና የኮርሶች ዝርዝር ናቸው። እነዚህን ዛሬውኑ ጀምሩ።

1. ኮስት ሼሪንጉን ጨርሱ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ ከሆነ ይህ ሳያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይወጣም። በቴምፖራሪ ዲግሪ ሩቅ አትሄዱም።
2. ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን በእንግሊዝኛ አውጡ። ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ የሚተረጉም ሕጋዊ ተርጓሚ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙት ግን ሞልተዋል።
3. የትምህርት ማስረጃውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስረጋግጡ።
4. ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውሰዱት።
5. በመጨረሻ አዲስ አበባ ባለው የስፔን ኤምባሲ ሕጋዊ አስደርጉት።
6. ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ አስተርጉሙ። ተርጓሚው የስፔን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሾመው ትራዱክቶር ኹራዶ መሆን አለበት። ስማቸው በሚኒስቴሩ ዝርዝር ላይ አለ። አስቀድማችሁ ካስተረጎማችሁ ማህተሞቹ ሳይተረጎሙ ይቀራሉ፤ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

የሚያረጀው ክምር ውስጥ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የሕክምና ማስረጃና የባንክ መግለጫ አሉ። እነዚህን የቪዛ ቀጠሮ ስትይዙ ጀምሩ እንጂ ቀደም አትበሉ። ከሌላ አገር የሚመጣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ብቻ ይለያል፤ ደረጃ 8 ላይ እዩት።

ከወንጀል ነፃ ማስረጃውን ሁለት ኦሪጅናል አውጡ። አንዱ ኤምባሲ ይቀራል። ሁለተኛውን፣ ሕጋዊ ተደርጎና ተተርጉሞ፣ በሻንጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 10 ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ከኢትዮጵያ ውጭ ያላችሁስ? አሜሪካ ወይም እስራኤል የተማራችሁ ሰነዳችሁ ላይ አፖስቲል የሚባለውን ዓለም አቀፍ የማረጋገጫ ማህተም ታስመታላችሁ፤ የኤምባሲው ሰንሰለት ይቀርላችኋል። ቪዛውን የምታመለክቱት ሕጋዊ ነዋሪ በሆናችሁበት አገር ባለው የስፔን ቆንስላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ደረጃ 8ን ዝለሉት። ጀርመን ወይም ስዊድን መምህርነት እየተማራችሁ ለልምምድ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም በኩል እዩ።

ደረጃ 7፦ ማመልከቻ

በአንዳሉሲያ ለሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ ማመልከቻ አለ። የመጀመሪያው ዙር ለውጭ ተማሪዎች ነው፤ እሱን አታሳልፉ። በሌሎች ክልሎች ለየዩኒቨርሲቲው ለብቻ ታመለክታላችሁ።

ከ4 የተሰላውን አማካይ ውጤታችሁን ከ10 ወደሚሰላው የስፔን መለኪያ ቀይሩ። የስፔን ሚኒስቴር በድረ ገጹ ነፃ ማስያ አለው፤ ሞልታችሁ የወጣውን ወረቀት አትሙና አያይዙ። ካላያያዛችሁ በብዙ ቦታ 5 ይሰጧችኋል። 5 ማለት ማለፊያ ብቻ ነው። 3.7 ይዞ በ5 መወዳደር ያናድዳል።

ፖርታሉ ላይ ሰነዱ «ተቀባይነት አላገኘም» ካለ ቀኑን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል፤ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ግቡና ተመልከቱ፤ ኢሜይል እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደረጃ 8፦ ቪዛ

ትምህርት መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይጀምራል። ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ አመልክቱ። የቅበላ ደብዳቤው በእጃችሁ በገባ ዕለት ቀጠሮ ጠይቁ። የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

- ገንዘብ። መለኪያው በወር 600 ዩሮ ሲሆን ለ12 ወር 7,200 ዩሮ ይመጣል። የመኖሪያ ክፍያ አስቀድማችሁ ከፈጸማችሁ ደረሰኙን አያይዙ። ባንክ ሒሳብ ውስጥ በአንድ ቀን ዱብ ያለ ብር ጥያቄ ያስነሳል፤ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይኑራችሁ። የሚደግፋችሁ ዘመድ ከሆነ ዝምድናውን አሳዩ፣ የድጋፍ ቃሉንም በሕጋዊ መንገድ አስጽፉ።
- የጤና መድን። ስፔን ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ ካለው ኩባንያ፣ ሙሉ ሽፋን ያለውና በሕክምና ጊዜ ከኪሳችሁ ምንም የማያስከፍል ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንስ አይሠራም። ቪዛ ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።
- የሕክምና ማስረጃ። ሐኪሙ «ጤነኛ ነው» ብሎ ብቻ ከጻፈ ይመለሳል። በ2005 የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት ለሕዝብ ጤና የሚያሰጋ በሽታ እንደሌለባችሁ የሚል ቃል መኖር አለበት። ቃሉን አትማችሁ ለሐኪሙ ስጡት።
- ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት የሚሸፍን። በእነዚህ ዓመታት ዱባይ ወይም ቤይሩት ሠርታችሁ ከሆነ ከዚያም ያስፈልጋል። ይህን ማምጣት ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከሁሉ በፊት ጀምሩት።

ቪዛው ከተከለከለስ? ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችኋል። ለዚያው አካል በአንድ ወር ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ወደ ፍርድ ቤት ከሆነ ሁለት ወር አለ። የጎደለው አንድ ወረቀት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይፈጥናል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ወር

ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። እያንዳንዱ ለቀጣዩ መነሻ ነው።

1. ቤት። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቤቱን እዩ። በኢንተርኔት ርካሽ ክፍል አሳይቶ ቀብድ ተቀብሎ የሚሰወር ሞልቷል። ለመጀመሪያው ሳምንት ማረፊያ ያዙና እዚያው ሆናችሁ ፈልጉ። ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» አይሆንም የሚል አከራይን ተዉት።
2. ምዝገባ። ኤምፓድሮናሚየንቶ ይባላል፤ በማዘጋጃ ቤት ነዋሪነታችሁን መመዝገብ ነው። የኪራይ ውልና ፓስፖርት ያስፈልጋል።
3. የነዋሪ ካርድ። ቆይታችሁ ከስድስት ወር ከበለጠ በገባችሁ በአንድ ወር ውስጥ ቲኤ የሚባለውን ካርድ መጠየቅ አለባችሁ። ቅጹ ኤክስ 17 ነው። ክፍያው በሞዴሎ 790 ኮድ 012 ይፈጸማል። ፎቶ፣ ፓስፖርትና የምዝገባ ወረቀቱን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ አሻራ ትሰጣላችሁ።

ራስ ምታቱ ቀጠሮው ነው። በትልልቅ ከተሞች ፖርታሉ «ቀጠሮ የለም» እያለ ይከርማል። ጠዋት በማለዳ ሞክሩ። በዚያው አውራጃ ያሉ ትናንሽ ከተሞችን ጣቢያዎችም እዩ። በሞከራችሁ ቁጥር ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፤ ወሩ ቢያልፍባችሁ መሞከራችሁን ታሳዩበታላችሁ። ቀጠሮ የሚሸጡ ደላሎች ይመጣሉ። ነፃ የሆነውን ነገር አትግዙ።

የተማሪ ፈቃዳችሁ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት መሥራት ያስችላል። ልምምዱ በሚካሄድባቸው ወራት ግን የጠዋት ሥራ አትያዙ፤ አይሆንም።

ደረጃ 10፦ ትምህርት ቤት ከመግባታችሁ በፊት

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ልምምዱ ከየካቲት በኋላ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች እስከ ኅዳር መጨረሻ አጠናቁ።

የመጀመሪያው ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚጠየቅ ማስረጃ ነው። በስፔን ሕግ ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ በጾታዊ ወንጀል እንዳልተፈረደበት የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ከፍትሕ ሚኒስቴር በነፃ ይወጣል። የውጭ ዜጋ ከሆናችሁ ግን የስፔኑ መዝገብ የአገራችሁን አያውቅም። ስለዚህ ከዜግነት አገራችሁ የመጣ፣ ሕጋዊ የተደረገና የተተረጎመ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጨምሩባችኋል። ሁለተኛው ኦሪጅናል ከሻንጣ የሚወጣው አሁን ነው። ያላመጣ ሰው አገር ቤት ውክልና ልኮ ከአሻራ ጀምሮ ሊያሠራ ነው፤ እስከዚያ ልምምዱ ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው የሴጉሪዳድ ሶሲያል ቁጥር ነው። ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚለማመዱ ተማሪዎችም በማኅበራዊ ዋስትና መመዝገብ አለባቸው። ክፍያው የእናንተ አይደለም፤ ቁጥሩን ማውጣት ግን የእናንተ ነው። የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አመልክቱ። መለያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ቪዛው ላይ ታትሞ ይመጣል፤ ካርዱን መጠበቅ አያስፈልግም።

የልምምድ ቦታ ምርጫ ሲከፈት ከቤታችሁ ያለውን ርቀት በአውቶቡስ ሰዓት ለኩ። የስፔን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይቆያል። ይህ በእኛ ሰዓት ነው። በአውሮፓ ክረምት በመግቢያው ሰዓት ገና ጨለማ ነው።

ደረጃ 11፦ ልምምዱ

ሁለት አማካሪ ይኖራችኋል። አንዱ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ ክፍሉ የእሱ ነው። ሌላው ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሪፖርታችሁን ያርማል። ሁለቱ ላይተዋወቁ ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲውን መመሪያ አትማችሁ በመጀመሪያው ቀን ለትምህርት ቤቱ መምህር ስጡት። ምን መሥራት እንዳለባችሁ እሱም ላያውቅ ይችላል።

*የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ ተመልከቱ*

ኋላ ተቀመጡ። የክፍሉን አቀማመጥ ሳሉና ስም ሙሉበት። በአራተኛው ቀን እያንዳንዱን ልጅ በስሙ መጥራት ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ከመምህሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዓመቱን የትምህርት ዕቅድ፣ የክፍሉን የጊዜ ሰሌዳ፣ የትምህርት ቤቱን የሥነ ምግባር ደንብ። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች እነማን እንደሆኑም ይነገራችኋል። ያንን በማስታወሻችሁ ላይ በስም አትጻፉ።

ሊያስደነግጣችሁ የሚችለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መምህር ሲገባ የሚነሳ ተማሪ የለም። ልጆቹ «ፕሮፌ» ይሏችኋል፤ ወይም በስማችሁ ብቻ «አንተ፣ አንቺ» እያሉ ያወሯችኋል። ንቀት አይደለም፣ ልማዱ ነው። «ቲቸር» ተብሎ ለኖረ ሰው ግን ጊዜ ይወስዳል። ጫጫታውም ከለመድነው ይበዛል።

*ቀጥሎ፦ ቁራጭ ቁራጭ ውሰዱ*

ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከመጠየቃችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ጠይቁ። የቤት ሥራ ማረም ወይም የቡድን ሥራ መምራት ይሁን። በዚህ ጊዜ የምትፈልጉት ስፓኒሽ የመማሪያ መጽሐፉ ስፓኒሽ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ስፔን ውስጥ ለብዙ ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ ከላቲን አሜሪካው ይለያል፤ ስፓኒሽ የተማራችሁት ከላቲን አሜሪካ ቪዲዮ ከሆነ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እነዚህን አፋችሁ እስኪለምድ በሉ፦ «አብሪድ ኤል ሊብሮ» (መጽሐፉን ክፈቱ)፣ «ሳካድ ኤል ኩዋዴርኖ» (ደብተር አውጡ)፣ «ሌባንታድ ላ ማኖ» (እጅ አውጡ)፣ «ኤን ፓሬኻስ» (ሁለት ሁለት ሆናችሁ)። በአንዳሉሲያ የቃላት መጨረሻ ላይ ያለው «ስ» ብዙ ጊዜ ይዋጣል። መጀመሪያ ምንም ላይገባችሁ ይችላል፤ በረፍት ሰዓት ከመምህራን ጋር ቡና መጠጣት ከማንኛውም ኮርስ በላይ ጆሮ ይከፍታል።

*ከዚያ፦ የራሳችሁን ትምህርት አዘጋጁ*

ከ2020 የትምህርት ሕግ ወዲህ የሚጠየቀው ሲቱዋሲዮን ደ አፕሬንዲሳኼ («የመማሪያ ሁኔታ» እንደ ማለት) ነው። በርዕስ የተከፈለ የድሮው ዓይነት ዕቅድ አይደለም። ብዙ ሰልጣኝ ርዕስ መርጦ፣ ስላይድ ሠርቶ፣ በመጨረሻ መመዘኛ ይለጥፍበታል። ይመለስበታል። በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ከክልሉ ሥርዓተ ትምህርት ሁለት ወይም ሦስት የመመዘኛ መስፈርት ምረጡ። ከዚያ በላይ አትያዙ።
2. ልጆቹ በመጨረሻ የሚያቀርቡትን አንድ ሥራ ወስኑ። ፖስተር፣ ሙከራ፣ ፖድካስት ሊሆን ይችላል።
3. ለዚያ የሚያስፈልገውን እውቀት ዘርዝሩ።
4. አሁን ክፍለ ጊዜዎቹን አስቀምጡ። የአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜን 45 ደቂቃ ቁጠሩት። ልጆቹ ከክፍል ክፍል እስኪመጡና እስኪረጋጉ ጊዜው ይሄዳል።
5. ፕሮጀክተር ባይሠራ ምን እንደምታደርጉ በአንድ መስመር ጻፉ።

ዕቅዱን ከአንድ ሳምንት በፊት ለመምህሩ በኢሜይል ላኩ። በቃል «እሺ» ማለቱ አይበቃም።

*የማይታለፉ መስመሮች*

የተማሪ ፎቶና ቪዲዮ አታንሱ። የልጆች ስልክ ቁጥር አትያዙ፤ በዋትሳፕም በኢንስታግራምም አትቀበሏቸው። ትከሻ መታ ማድረግም ቢሆን እጃችሁን ሰብስቡ። ክፍል ውስጥ ብቻችሁን አትቀሩ፤ ኃላፊነቱ የመምህሩ ነው። አንድ መምህር ቀርቶ «ለዛሬ አንተ ያዛቸው» ቢሏችሁ በትህትና እምቢ በሉና ተረኛውን መምህር ጥሩ።

ደረጃ 12፦ ሲበላሽ

*ክፍሉ ጸጥ አልል ካለ።* አትጩሁ። ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ሲጮህ ይሳሳታል፤ ልጆቹም ይስቃሉ። ወሬያችሁን አቁሙና ቁሙ። ከሚያወራው ልጅ አጠገብ ሂዱና በስሙ በዝግታ ጥሩት። የዲሲፕሊን ቅጽ መሙላት የመምህሩ ሥራ ነው፤ እናንተ አትሙሉ።

*ልጁ የጠየቃችሁ ካልገባችሁ።* የገባችሁ አትምሰሉ። ሰሌዳው ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት፣ ወይም ሌላ ልጅ በሌላ ቃል እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። አነጋገራችሁ ላይ ቢስቁ አብራችሁ ሳቁና ቀጥሉ። ስለ ቆዳ ቀለማችሁ ወይም ስለ አገራችሁ የሚያዋርድ ነገር ከተነገረ ግን በሳቅ አታሳልፉት። ያኔውኑ ለመምህሩ ንገሩ፤ ቀኑንና የተባለውን ጻፉ። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ሥርዓት አለው።

*መምህሩ እንድታስተምሩ ካልፈቀደ።* አንዳንዱ ክፍሉን መልቀቅ ያስፈራዋል። ሳምንት ካለፈ በኋላም ከኋላ ተቀምጣችሁ ከሆነ የተወሰነ ቀንና የተወሰነ ይዘት ይዛችሁ ሂዱ፦ «ማክሰኞ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ልውሰድ?» አሁንም ካልሆነ ለዩኒቨርሲቲው አማካሪ ጻፉ። መጨረሻው ሳምንት ላይ ማማረር ዋጋ የለውም፤ የምትመዘኑት በሠራችሁት ነው።

*መምህሩ ታሞ ረጅም ፈቃድ ከወጣ።* በዚያው ቀን ለዩኒቨርሲቲው አሳውቁ። ሌላ መምህር መመደብ አለበት። ያለ አማካሪ ያለፈ ሰዓት ላይቆጠር ይችላል።

ደረጃ 13፦ ከመመለሳችሁ በፊት

ትምህርት ቤቱ በሰኔ ይዘጋል። በሐምሌ ፈራሚ ፍለጋ ብትሄዱ ዘበኛ ነው የምታገኙት። ስለዚህ በልምምዱ የመጨረሻ ቀን፦

- የሰዓቱን ብዛት፣ የክፍሉን ደረጃና የትምህርት ዓይነቱን የሚገልጽ፣ ማህተምና ፊርማ ያለው ማስረጃ ተቀበሉ። ሁለት ኦሪጅናል ይሁን።
- መምህሩን የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁት። ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብትሰጡት ይወዳል።

ማስተሩን ስትጨርሱ የዲግሪ ማውጫ ክፍያውን ፈጽሙ። ዋናው ዲግሪ ታትሞ እስኪመጣ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ በሱ ምትክ የሚያገለግል ሰርቲፊካሲዮን ሱፕሌቶሪያ የሚባል ጊዜያዊ ማስረጃ አለ፤ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። ዲግሪው ሲመጣ የሚቀበልላችሁ ሰው ካስፈለገ ውክልናውን እዚያው ሳላችሁ ፈርሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ልትጠቀሙበት ከሆነም ሕጋዊ የማድረጉን ሥራ ስፔን ሳላችሁ ጀምሩት።